የሙንተሃ የዳቦ ጨረቃ

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ነው። ወሩ ግንቦት፣ ቀኑ ስድስት፣ ረመዳን ከገባ ዘጠነኛው ቀን። ዝናብ የለም። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። ንፋስ የለም። መሬቱ ከረፋዱ ጀምሮ እግር ያቃጥላል።

በዚያ ቀን በወሎ ቆላ፣ ቀይ አፈር በምትባል መንደር፣ ሙንተሃ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አንድ ትንሽ ነገር ፈለገች። መዳፏን የምታህል የዳቦ ጨረቃ። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ከዚህች ትንሽ ነገር የወጣውን ጉድ ግን አባቷ ሽፋው እስከ ዛሬ ድረስ ሲያስታውሰው ሥራውን ትቶ ይቆማል።

ሽፋው ገበሬ ነው። ኮስታራ ነው፤ ንግግር አይወድም። እሺ ለማለት ራሱን ይነቀንቃል። እምቢ ለማለት ደግሞ ምንም አያደርግም። ሚስቱ ዘምዘም «አሥራ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ የሰማሁት ቃል ቢሰፈር አንድ ቁና አይሞላም» እያለች ለሴቶቹ ታወራለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። ሽፋው አይስቅም፤ አይቆጣምም።

የዚያን ቀን ሽፋው ከአጨዳ የቀረ የማሽላ ቆረን ሲነቅል አርፍዶ በዙህር፣ በቀትር ሶላት ሰዓት፣ ወደ ቤት ተመለሰ። ልጁ በግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ ከበቆሎ ሽፋን የተሠራ የቀለበት ሰንሰለት አለ። የመንደሩን ሕፃናት ሁሉ ያሠራቸው ኡስታዝ ጧሃ ነው። ኡስታዙ ሕፃናቱን ረመዳንን በወሬ ብቻ አያስተምርም፤ በእጃቸው ያሠራቸዋል። ሠላሳ ቀለበት በግራር ሙጫ እያጣበቁ አያይዘዋል፤ በየመግሪቡ ጾም ሲፈታ አንድ ይቀደዳል። ሙንተሃ ስምንቱን ቀድዳለች። ሃያ ሁለት ቀርቷታል።

የዘጠነኛው ቀን ሥራ ደግሞ ጨረቃ ነው። «ነገ እስከ ዙህር ትጾማላችሁ» ብሏቸው ነበር ኡስታዙ። «ከገዛ ቤታችሁ እህል፣ በገዛ እጃችሁ አንዲት የዳቦ ጨረቃ ትሠራላችሁ። ለአንድ ጾመኛ ትሰጣላችሁ። ከመብላታችሁ በፊት ስጡ።» ብሎ በማግስቱ በጠዋት ለጉዳዩ ኮምቦልቻ ሄደ።

«ልጅህን እያት» አለችው ዘምዘም ከደጅ። «ዙህር ተሰግዶ አለቀ። ሌሎቹ በልተው ይራገጣሉ። ይቺ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም።»

ሽፋው አያት። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ብዪ» አላት።

«አልበላም፣ አባዬ።»

ሽፋው ክው አለ። በዚያ ቤት እሱን እምቢ ያለው ሰው የለም። በሬው እንኳ እምቢ ብሎት አያውቅም።

«አልሰጠሁማ» አለች ሙንተሃ። «ከመብላታችሁ በፊት ስጡ ተብሏል። ጨረቃዬ አልተጋገረችም።»

«ጋግሪላት» አለ ሽፋው ወደ ሚስቱ ዞሮ።

«በምኑ? ዱቄቱ ትናንት አለቀ። ተበድሬ ላምጣ ብላት ከገዛ ቤታችን እህል ነው የተባለው ትለኛለች።»

«የእጅ ወፍጮው?»

«ወይ አንተ! የሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ዶሮ አይደል የሚጠጣበት? መጁንስ ራስህ ከበሩ ሥር አልተከልከውም?»

ሽፋው ወደ በሩ አየ። መጁ እውነትም እዚያ ነው፤ ግማሹ ተቀብሯል። ረስቶት ነበር፤ አሁን ቢወጣም ሳይወቀር አይፈጭም።

ሙንተሃ ከአንገቷ ሰንሰለት ሁለት ቀለበት ያዘች። «አየህ አባዬ? ስንዴው አልፈጭም አለ። ጨረቃዋ አልጋገርም አለች። እኔም አልበላም አልኩ።»

ሽፋው አንድ ጣሳ ስንዴ ሞላና ለልጁ ሰጣት። በገዛ እጇ መሆን አለበት ብላለች። ተያይዘው ወደ ወፍጮው ዳገት ወጡ። እሱ ፊት ፊት፣ እሷ ኋላ ኋላ።

ወፍጮ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ባለወፍጮው ኑርዬ ባዶ ጆንያ ላይ ተጋድሞ ዝንብ ያባርራል።

«አያ ኑርዬ፣ ይችን ፍጭልኝ» አለች ሙንተሃ። ጣሳውን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው።

ኑርዬ ጣሳውን አየ። ከዚያ ሽፋውን አየ። ከዚያ ሳቀ። «እናንተ ሰዎች ደኅና ናችሁ? ለአንድ ጣሳ ሞተር ላስነሳ? ናፍጣው ከምትፈጪው ይበልጣል እኮ የኔ ልጅ! ድንጋዩም ባዶውን ይፋጫል። ሁለት ጆንያ ይምጣ፣ ያን ጊዜ ጣሳሽን ከላይ አደርግልሻለሁ።»

«ልጅ ናት። ጾመኛ» አለ ሽፋው።

ኑርዬ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። የደነገጠው በልጅቷ ጾም አልነበረም። ሽፋው በአንድ ጊዜ ሦስት ቃል ሲናገር ሰምቶ አያውቅም። «ወላሂ፣ ሽፋው፣ እኔንም ያሳዝነኛል። ሞተሩ ግን ለኔም አይነሳም። ሁለት ጆንያ።»

ሽፋው ቁልቁል ወደ ቤቱ አየ። ሁለት ጆንያ እህል አለው። ዳገቱም አለ። የአንድ ጾመኛ ጀርባ ሁለት ጆንያ በዚህ ዳገት አያወጣም። አህያ ያስፈልጋል።

ሙንተሃ ሁለት ቀለበት ጨመረች። «ጆንያው አልሄድም አለ። ሞተሩ አልነሳም አለ። ስንዴው አልፈጭም አለ። ጨረቃዋ አልጋገርም አለች። እኔም አልበላም አልኩ።»

«ምን ትላለች?» አለ ኑርዬ።

ሽፋው ቁልቁል ወረደ። ልጁ በቁልቁለቱ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈች። በሁለተኛው ዞሮ እጇን ያዘ። እጇ ትኩስ ነው። ይህን አልወደደውም።

በመንደሩ ያለችው የጭነት አህያ አንዲት ናት፤ አራጋው ባለቤቷ ነው ቢባልም እሷ ናት የምታዝዘው። ስሟ ሎጋ ነው። አራጋው ከደጁ ቆሞ ጆሮዋን እያከከላት ነበር የደረሱት።

«አያ አራጋው፣ ሎጋን ስጠን» አለች ሙንተሃ። «ሁለት ጆንያ ትጫንልን።»

«ውሰዷት፣ ምን ገዶኝ» አለ አራጋው። «ግን በምን ትጭኗታላችሁ? መጫኛዋ የለም።»

«የኔ አለ» አለ ሽፋው።

«ያንተን? ይቺን?» አራጋው እጁን አወራጨ። «ሽፋው፣ ሎጋ ከገዛ መጫኛዋ ሌላ ገመድ ሆዷን ከነካት ትተኛለች። ባለፈው የአማቼን መጫኛ ባስርባት መንገድ መሐል ተንከባላ፣ ጤፉ ለወፍ ሆነ። ለስላሳ ጠፍር ነው የለመደችው፤ ቀብጣለች። እሱን ደግሞ እቴ ሩቅያ ተውሳኛለች። ከእሷ አምጡና ውሰዷት።»

ሽፋው አህያዋን ትክ ብሎ አያት። አህያዋም አየችው። አንዷ አህያ፣ ስንት ጣጣ!

ሙንተሃ አምስተኛዋን ቀለበት ያዘች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «አህያዋ አልጫንም አለች። ጆንያው አልሄድም አለ። ሞተሩ አልነሳም አለ። ስንዴው አልፈጭም አለ። ጨረቃዋ አልጋገርም አለች። እኔም አልበላም አልኩ።»

«ሱብሃነላህ!» አለ አራጋው። «ልጅቱ እስካሁን አልበላችም? አንተ ሰው፣ የዐሥር ሶላት እኮ ሊደርስ ነው!»

ሽፋው ይህን ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ልጁን ትከሻው ላይ አወጣት። ስትወጣ እንደ ገለባ ቀለለችው። ደነገጠ። ትናንት እንዲህ ቀላል ነበረች?

እቴ ሩቅያ ባሏ የሞተባት፣ በርበሬ የምታለማ ሴት ናት። ከጉድጓዷ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ውሃ ትስባለች። የባልዲዋ ገመድ ያ ለስላሳ ጠፍር ነው። መዳፏ ተልጧል።

«እቴ ሩቅያ፣ የሎጋን መጫኛ ስጪን» አለች ሙንተሃ ከላይ።

«መጫኛውን?» ሩቅያ ቀና አለች። «ዛሬ መጫኛውን ከምትወስዱብኝ ነፍሴን ብትወስዱ ይሻላል። ይህን ችግኝ አታዩትም? ተኝቷል እኮ! ዘጠኝ ቀን ሙሉ በባልዲ ነው ያቆየሁት። የቦዩ ውሃ ቢመጣ አሁኑኑ ፈትቼ እሰጥሽ ነበር። ቦዩ ሳይመጣ አልፈታም።»

«ወንዙ ደርቋል» አለ ሽፋው።

«ማ ነው የደረቀው?» ሩቅያ ባልዲዋን አስቀመጠች። «ወንዙ መች ደረቀ? የቦዩ በር ተዘግቶ ነው እንጂ! ከሻዕባን ማለቂያ፣ ከረመዳን ዋዜማ ጀምሮ አልተከፈተም። ውሃ አባቱን አባ ይማምን ስንጠይቅ እጄን አሞኛል ይላሉ። እጅ ዘጠኝ ቀን ይታመማል?»

የሽፋው የውሃ ተራ ገና በወሩ አጋማሽ ነው። ባለፉት ቀናት ቦዩን ደረቅ ሆኖ ሲያየው ሰማዩን ነበር የወቀሰው። ማንንም አልጠየቀም። መጠየቅ መናገር ነው።

«ዘጠኝ ቀን?» አለ።

«ዘጠኝ ቀን! አንተ የት አገር ነው የምትኖረው?»

ሙንተሃ ጣቷን ስድስተኛዋ ቀለበት ላይ አደረገች። «መጫኛው አልፈታም አለ። አህያዋ አልጫንም አለች። ጆንያው አልሄድም አለ። ሞተሩ አልነሳም አለ። ስንዴው አልፈጭም አለ። ጨረቃዋ አልጋገርም አለች። እኔም…» አለችና ጭንቅላቷን ከአባቷ ጭንቅላት ላይ አሳረፈች።

«ውሃ ልስጣት!» ብላ ሩቅያ ባልዲውን አነሳች። ሙንተሃ ከንፈሯን ግጥም አደረገች። ሩቅያ ደረቷን ያዘች። «ያ አላህ! የማን ግትርነት ነው ይሄ?» ብላ ሽፋውን አየችው።

ሽፋው በፍጥነት ወደ ቦዩ በር ሄደ። ደረሰና ዐይኑን ማመን አቃተው። ውሃ! ከበሩ ወዲያ ውሃው ሞልቶ ቆሟል። ትርፉ እየፈሰሰ ወደ ወንዙ ይመለሳል። በወዲህ በኩል ቦዩ ተሰነጣጥቋል፣ እንሽላሊት ይሮጥበታል። በመካከል አራት ድንጋይና ጭቃ ብቻ ነው ያለው። ሽፋው ልጁን ተሸክሞ አጎነበሰ። እጁን ከላይኛው ድንጋይ ላይ አደረገ። አንድ ጊዜ ቢገፋው አለቀ።

አልገፋውም። በቀይ አፈር በሩ ያለ ውሃ አባት እጅ አይከፈትም። ውሃ አባት ማለት ሰዎች ተማምለው ውሃ እንዲያካፍል የሾሙት ሽማግሌ ነው። ሌላ ሰው ከነካው ውሃው ለባለጉልበት ይሆናል። ሽፋውም ከተማማሉት አንዱ ነው። እጁን አነሳ።

«ውሃው አልፈስም አለ» አለች ሙንተሃ። ዐይኗን ጨፍናለች፤ ቀለበቶቹን በጣቷ ብቻ ነው የምትቆጥረው። «መጫኛው አልፈታም አለ። አህያዋ አልጫንም አለች። ጆንያው አልሄድም አለ። ሞተሩ አልነሳም አለ። ስንዴው አልፈጭም አለ። ጨረቃዋ አልጋገርም አለች። እኔም አልበላም አልኩ።»

ሽፋው ሮጠ። ከልጅነቱ ወዲህ ሮጦ አያውቅም። ያዩት ሰዎች ቤት የተቃጠለ መስሏቸው ወጡ።

የአባ ይማም ቤት ከመንደሩ ጫፍ ላይ ነው። ሽማግሌው ዐይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗል። ቦዩን ግን በእግራቸው ያውቁታል፤ ውሃውን በጆሯቸው ይለኩታል። ከዱላቸው በቀር መሪ ይዘው አያውቁም። ስለዚህ ሰው ዐይነ ሥውርነታቸውን ይረሳል። ያን ሰዓት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃ ይቆጥሩ ነበር።

ከአጥሩ ላይ ሲደርሱ የሽፋው እግር እሾህ ረገጠ። ልጁን አወረዳትና እሾሁን ሊነቅል ጎንበስ አለ። ሙንተሃ አጥሩን እየያዘች ብቻዋን ገባች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባ ይማም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። የማን ልጅ ነሽ? ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።»

«ሙንተሃ ነኝ። የቦዩን በር ክፈቱልኝ።»

«እጄን አሞኛል፣ ልጄ።»

«የትኛውን?»

የሽማግሌው ሙስበሃ ቆመ። ከዚያ ተነፈሱ። «ልጅ ጠየቀችኝ፣ በጾም አፌ ለልጅ አልዋሽም። እጄን አላመመኝም። ትልልቆቹን ያልኳቸው ሰው እንዳላሳፍር ብዬ ነው። ስሚ። በጥር ወር ውሃ ሳካፍል ቀን ተሳሳትኩ፤ የአንዱን ሰው ተራ ለሌላ ሰጠሁ። ሽምብራው ጠወለገበት። ረመዳን ሊገባ ሲል አውፍ እንባባል የለ? ይቅር በሉኝ ብዬ የቦዩን ውሃ በሚካፈሉት በአሥራ ሁለቱም ቤት ዞርኩ። አሥራ አንዱ አውፍ ብለንሃል አሉኝ። አሥራ ሁለተኛው ሰላምታዬን መለሰ። ገመድ ሲገምድ እሰማዋለሁ። አውፍ በለኝ አልኩት። ዝም አለ። ደግሜ አልኩት። ዝም አለ። አዛን እስኪል ቆሜ ጠበቅሁ። አንዲት ቃል አልሰጠኝም። አውፍ ያልተባለ እጅ ደግሞ የሰው ውሃ አያካፍልም። ሌላም ቢበድልስ?»

በዚህ ጊዜ ሽፋው እሾሁን ነቅሎ ከአጥሩ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሽማግሌ ሲናገር አያቋርጥም። ከልጁ ኋላ ቆሞ ይሰማል።

«ማን ነው እሱ?» አለች ሙንተሃ።

«ሽፋው ነዋ። አባትሽ።»

ሙንተሃ ቀስ ብላ ዞረች።

ሽፋው አስታወሰ። የሻዕባን የመጨረሻ ቀን፣ ወደ ማታ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ገመድ ይገምድ ነበር። ሽማግሌው መጡ። አውፍ በለኝ አሉት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከልቡ ነው የነቀነቀው፤ ሽምብራውን ከረሳው ቆይቷል። አልሄዱም። ደግሞ ነቀነቀ። አሁንም ቆሙ። ምን ይጠብቃሉ ብሎ ገርሞት ሦስተኛ ነቀነቀና ገመዱን ቀጠለ።

ነቀነቀ! ዐይን ለሌላቸው ሰው ራሱን ነቀነቀ!

ሙንተሃ ቀለበቶቹን ይዛ አባቷን እያየች ጀመረች። «ቃሉ አልወጣም አለ። እጁ አልዘረጋም አለ። ውሃው አልፈስም አለ። መጫኛው አልፈታም አለ። አህያዋ አልጫንም አለች። ጆንያው አልሄድም አለ። ሞተሩ አልነሳም አለ። ስንዴው አልፈጭም አለ። ጨረቃዋ አልጋገርም አለች። እኔም አልበላም አልኩ።» ከዚያ እግሯ ተጣጠፈና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አሉ አባ ይማም።

«ከአባዬ ጋር። እዚህ ነው ያለው።»

የሽማግሌው ሙስበሃ ከእጃቸው ወደቀ። «እዚህ? አሁን እዚህ ቆሞ ነው ዝም የሚለው?»

«አያ ይማም» አለ ሽፋው። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ነቅንቄ ነበር።»

«ምኑን ነው የነቀነቅኸው?»

«ራሴን።»

አባ ይማም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ። «ሱብሃነላህ! አንተ የሰው ጉድ! እኔ ዘጠኝ ቀን እንቅልፍ አጥቼ፣ መንደሩ ዘጠኝ ቀን ውሃ አጥቶ፣ አንተ ለዕውር ራስህን ትነቀንቃለህ? ስንቴ?»

«ሦስቴ።»

«ሦስቴ! ንፋሱ እንኳ አልደረሰኝም እኮ!» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሳቁን አቆሙ። «በል፣ አሁን በድምፅህ።»

ሽፋው ልጁን አየ። ጭንቅላቷ ወደ ጉልበቷ ወርዷል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አውፍ ብያለሁ፣ አያ ይማም» አለ። ደገመው። «አውፍ ብያለሁ። እርስዎም አውፍ በሉኝ።»

«አውፍ ብዬሃለሁ። ዱላዬን አቀብለኝ።»

ቃሉ ወጣ። ቃሉ ሲወጣ እጁ ተዘረጋ፤ አባ ይማም አራቱን ድንጋይ አንድ በአንድ አነሱ። እጁ ሲዘረጋ ውሃው ፈሰሰ፤ እንሽላሊቱ ሸሸ፣ ሰዎች ከየቤቱ «ውሃ! ውሃ!» እያሉ ወጡ። ውሃው ሲፈስ መጫኛው ተፈታ፤ ሩቅያ ገመዱን ከባልዲው አላቅቃ እልል አለች። መጫኛው ሲፈታ አህያዋ ተጫነች፤ ሎጋ ጠፍሯን አሸተተችና ጸጥ ብላ ቆመች። አህያዋ ስትጫን ጆንያው ሄደ፤ አራጋው ከኋላ እየገፋ ዳገቱን አወጣው። ጆንያው ሲሄድ ሞተሩ ተነሳ፤ ኑርዬ ከሁሉም በፊት ጣሳዋን ከላይ ገለበጠ። ሞተሩ ሲነሳ ስንዴው ተፈጨ፤ ሽፋው ዱቄቱን በጋቢው ቋጥሮ ቁልቁል በረረ። ስንዴው ሲፈጭ ጨረቃዋ ተጋገረች፤ ዘምዘም እሳቱን አነደደች እንጂ ሊጡን አልነካችም፣ ሙንተሃ ናት በገዛ እጇ ያቦካችውና ያጎበጠችው።

ፀሐይ ዳገቱን ስትነካ ሽፋው ልጁን ተሸክሞ ከአባ ይማም ደጅ ቆመ። ዳቦው በእሷ እጅ ነው። ገና ትኩስ ነው።

«እንኩ፣ አባ ይማም።»

ሽማግሌው በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። «ይቺ ጨረቃ ናት» አሉ። «አንዱ ቀንዷ ግን የት ሄደ?»

«ተቃጥሎ ቀረ።»

«ይሁን። የዘጠኝ ቀን ጨረቃም እንዲህ ጎበጥ ያለች ናት።»

አዛን አለ። አባ ይማም በተምር ጾማቸውን ፈቱ፤ ለሙንተሃም አንድ ተምር ሰጧት። ከዚያ ቢስሚላህ ብለው ዳቦውን ከሁለት ቆረሱ። ግማሹን ለሙንተሃ መለሱላት። ሙንተሃ ሰጥታለች፤ ስለዚህ በላች። ውሃም ጠጣች። ከንፈሯ ቀይ እስኪሆን ሽፋው ዐይኑን ከእሷ አላነሳም፤ የራሱንም ጾም መፍታት ረስቶ ሽማግሌው ናቸው ተምር በእጁ ያስያዙት።

ዘጠነኛዋን ቀለበት ሲቀድዱ ሽፋው በልቡ ወሰነ። ከእንግዲህ ራስ መነቅነቅ አይቆጠርም። ከልጁ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ሙንተሃ» አለ። «ቀኑን ሙሉ ያስራብኩሽ እኔ ነኝ። አውፍ በዪኝ።»

ሙንተሃ አፏ በዳቦ ሞልቷል። ራሷን ነቀነቀች።

«አልሰማሁም» አለ ሽፋው።

ሙንተሃ ዋጠች። «አውፍ ብዬሃለሁ፣ አባዬ!» ብላ ጮኸች። አባ ይማም ጆሯቸውን ያዙ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽፋው ተነሳ። መጁን ከበሩ ሥር ቆፍሮ አወጣና አጠበው። ከዚያ ዘግይቶም ቢሆን በአሥራ አንዱ ቤት ዞረ። በየደጁ ቆሞ «እኔ ሽፋው ነኝ፣ አውፍ በሉኝ» አለ፣ ጮክ ብሎ። ሰዎቹ በድንጋጤ ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ወጡ። የመንደሩ ውሾች ድምፁን ሰምተው ስለማያውቁ ከቤት ቤት እየተከተሉ ጮኹበት።